የመንዝ ጓሳ፦ ሣር፣ በግና ቀጠሮ



በጅማ፣ በጎማና በሊሙ ቡናን ያጠለለው ደን በሳሳ ቁጥር «ጠባቂው ማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። የመንዝ ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ ስለ ግጦሽ ሲመልሱ ኖረዋል።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ተጀመረ የሚነገረው የ«ቄሮ» ሥርዓት (በእኛ አካባቢ ወጣትን ከሚያመለክተው ቃል ጋር አይምታታ) የአስቦና የጌራ ተወላጆች ጓሳውን በአጽመ ርስት የሚይዙበት ነበር። አባ ቄራ የተባሉት መሪዎች መሬቱን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ለአጫጅና ለከብት ይከፍቱታል። በጉ በቀጠሮ የሚገባ እንግዳ ነበር።

ሥርዓቱ ግን ርስት የሌለውን ያገልል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮውም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ቀጠሮ ተጋጠ፣ ታጨደ። ኋላ ነዋሪው ጥበቃውን በኮሚቴ መልሶ አቋቋመ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በዚያ ይኖራሉ።

እንግዲህ አዋጁ መብትን አሰፋ፤ ቀጠሮውን የሚያስከብር ግን አልተካም። እኛም የቡና ደናችንን ለብዙኃን ስናካፍል፣ የሚዘጋውና የሚከፍተው ማን እንደሆነ አስቀድመን እንወስን።