የሟች ቁጥር በማን ይታመን? የደብረ ሊባኖስ ምስክርነት

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። በደብረ ሊባኖስ እልቂት ግን የወጋውም አልረሳም። ሥራውን ጽፎ፣ ሟቾቹን ቆጥሮ፣ ቁጥሩን በቴሌግራም ወደ ሮም ልኳል። ከዚያ በኋላም ቢሆን የሟቾቹ ቁጥር እስካሁን ያከራክራል። የሃይማኖት ሰዎች በተፈጁበት አጋጣሚ ሁሉ «የማንን ቁጥር እንመን?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣ በመሆኑ፣ የዚህን ገዳም ታሪክ በጥሞና መመርመሩ ለዛሬም ይጠቅማል።

እንደሚታወቀው፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ለሦስት ቀናት የአዲስ አበባ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። ይህም አልበቃ ብሎ ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት በሤራው ተባባሪነት ከሰሰ፤ ምክትል አበ ምኔቱን ጨምሮ መነኮሳቱ ሁሉ ያለ ልዩነት እንዲገደሉም ጄኔራል ማሌቲን አዘዘ። ጊዜው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት የግንቦት 12 በዓል ነበርና ገዳሙ ከየአገሩ በመጡ ምእመናን ተሞልቶ ነበር። በማግሥቱ፣ ግንቦት 13 ቀን፣ የተያዙት ሰዎች ላጋ ወልዴ ወደተባለ ገለልተኛ ስፍራ ተወስደው ተረሸኑ።

ግራዚያኒ ለሮም ያስታወቀው ቁጥር 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን፣ በድምሩ 320 ነው። ዲያቆናቱ በመጀመሪያው ሪፖርት በሕይወት ያሉ ነበሩ። ሳምንት ሳይሞላ ግን በደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንገጫ ላይ እነርሱም ተረሸኑ፤ አዲሱ ቴሌግራም 129 ዲያቆናትን ጨመረ። በገዳዩ መዝገብ መሠረት ጠቅላላው 449 ደረሰ ማለት ነው።

ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ደግሞ የግድያዎቹን ስፍራዎች ፈልገው፣ ከሞት የተረፉትንና በዓይናቸው ያዩትን አረጋውያን አነጋግረው፣ በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናታቸው የሟቾቹን ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 አድርሰውታል። የገዳዩን ቁጥር ከሦስት እጥፍ በላይ ያሳድገዋል።

እንግዲህ ማንን እንመን? ለቴሌግራሙ የሚከራከር ሰው ጠንካራ ነጥብ አለው። ሰነዱ በወቅቱ የተጻፈ ነው፤ ለሕዝብ የተዘጋጀ ፕሮፓጋንዳም አይደለም። ግራዚያኒ በሥራው የሚኮራ እንጂ የሚያፍር ሰው አልነበረምና ቁጥሩን የሚቀንስበት ምክንያት አልነበረውም ሊባል ይችላል። ነገር ግን ማንኛውም መዝገብ የሚመልሰው የተጠየቀውን ጥያቄ ብቻ ነው። ትእዛዙ ስለ መነኮሳት ነበር፤ ሪፖርቱም መነኮሳትን ቆጠረ። ያን ያህል ምእመን በተሰበሰበበት በዓል ማግሥት የተገደሉት ምእመናን 23 ብቻ ናቸው ብሎ ማመን ያስቸግራል። ለመሳለም የመጣ ገበሬ ለሮም የሚነገር ወሬ አልነበረም። ከዚህም በላይ የመዝገቡ ቁጥር ራሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ320 ወደ 449 ማደጉ፣ የገዳይን ቁጥር እንደ መነሻ እንጂ እንደ መጨረሻ መውሰድ እንደማይገባ ያስረዳል። «ቢያንስ ይህን ያህል» ለማለት ይጠቅማል፤ «ከዚህ አይበልጥም» ለማለት ግን አይበቃም።

ይህን ስል የእኛ ወገን የሚለው ሁሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ለኃያላን መንግሥታት የካሳ ጥያቄ ሲያቀርብ በየካቲቱ ጭፍጨፋ 30,000 ሰው መገደሉን ገለጸ። እኛም በትምህርት ቤት የተማርነው፣ በየዓመቱ በሰማዕታት ሐውልት ሥር የምንሰማውም ይህንኑ ነው። ያው ኢያን ካምቤል ግን በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ አዲስ አበባው ጭፍጨፋ ባሳተመው መጽሐፍ የደረሰበት ግምት 19,200 ገደማ ነው። ልብ በሉ! አንድ ተመራማሪ በደብረ ሊባኖስ የጣሊያንን ቁጥር ከፍ ሲያደርግ፣ በአዲስ አበባ የእኛን ቁጥር ዝቅ አደረገ። በእኔ እምነት የመጀመሪያውን ግምቱን ይበልጥ እንዳምነው ያደረገኝ ሁለተኛው ነው። ውጤቱ ወዴትም ቢያመራ የሚከተለው ሰው መሆኑን አሳይቷልና።

ተማሪዎቼ ስለ እንዲህ ያለ ክርክር ሲጠይቁኝ በሦስት ጥያቄ እመልስላቸዋለሁ። ቆጣሪው የት ቆሞ ቆጠረ? የቆጠረው እነማንን ነው፣ የዘለለውስ እነማንን? ማስረጃው ወገኑን የሚያሳፍር ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ያወጣው ነበርን? በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ ደም በፈሰሰ ቁጥር ገና አስከሬን ሳይነሣ ሁለት ቁጥሮች ይሽቀዳደማሉ፤ አንዱ ለማረጋጋት፣ ሌላው ለማነሣሣት። አንባቢ የወገኑን ቁጥር በእነዚህ ጥያቄዎች ሳይፈትን የሌላውን ለመፈተን ሥልጣን የለውም።

«አንድም ሰው ቢሆን ነፍስ ነው፤ መቁጠሩ ምን ይፈይዳል?» የሚሉ አሉ። አባባሉ የዋህ ይመስላል፤ የሚጠቅመው ግን ገዳዩን ነው። ግራዚያኒ በደብረ ሊባኖስ ለሠራው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሞተ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ አፊሌ በተባለች የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። እንዲህ ያለውን ክህደት የሚመክተው በማስረጃ የጸና ቁጥር ነው። የተጋነነውንማ ካጂው ራሱ ይወደዋል፤ አንዱን ሐሰት ይዞ እውነቱን ሁሉ ይጥልበታልና።

ቤተ ክርስቲያናችን ለሟች ፍትሐት ስታደርስ በክርስትና ስሙ ጠርታ ነው። በላጋ ወልዴና በእንገጫ ከወደቁት መካከል በ449ኙ ውስጥ ያልተቆጠሩት ብዙዎች ስማቸው የሚገኘው፣ ከሄዱበት ሳይመለሱ በቀሩበት ቤተሰብ ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው። ያን ትዝታ የያዙት አረጋውያን በየዓመቱ እያለፉ ናቸው። ስለ ቁጥሩ ከመከራከር ጎን ለጎን፣ በሰላሌና በመላው ሸዋ ደጃፍ እያንኳኳን ስሞቹን መመዝገብ የእኛ ትውልድ ዕዳ ነው።

ቸር ይግጠመን።