የድንክ ጽጌረዳ ቅጠል ነጭ ሽፋን

በድንክ ጽጌረዳ ቅጠል ላይ የሚታይ ነጭ ነገር ሁሉ በሽታ አይደለም። በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ሜዳ ባሉት በቂርያት መላኺ፣ በጌደራና በያቭኔ በየበረንዳው ከሚያጋጥመው አብዛኛው ከሁለት ነገሮች አንዱ ነው፦ ዱቄት መሰል ሻጋታ፣ አለዚያም ውኃ ደርቆ የተወው ኖራ። የሁለቱ መፍትሔ ስለማይገናኝ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሻጋታው በኢትዮጵያ የአበባ እርሻዎች ፓውደሪ ሚልዲው የሚባለው ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስሙ ፖዶስፌራ ፓኖሳ ነው። የሚኖረው በሕያው ተክል ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚይዘው ለጋውን ቅጠል፣ እንቡጡንና የእንቡጡን አንገት ነው፤ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ወደ ቀይነትም ያደላል። ከብዙዎቹ ፈንገሶች በተለየ ለመብቀል እርጥብ ቅጠል አይፈልግም፤ እንዲያውም ቅጠሉ ላይ የተኛ ውኃ ዘሩን ይጎዳዋል። የሚመቸው እርጥበት አዘል ሌሊትና ደረቅ፣ ሞቅ ያለ ቀን ነው፤ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማዋል። ከሜዲትራንያን እርጥበት የሚመጣላቸው የእነዚህ ከተሞች ጸደይና መጸው ደግሞ ይኸው ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ይዳከማል።

ከሱፐርማርኬት በሚገዛ ድንክ ጽጌረዳ ላይ በሽታው የሚበረታበት ሌላም ምክንያት አለ። በአንዷ ትንሽ መትከያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቁርጥራጮች አብረው ስለሚተከሉ በቅጠሎቹ መካከል አየር አያልፍም። ነጣጥሎ መትከል ከብዙ ርጭት ይሻላል።

ወደ ኖራው ስንመጣ፣ የአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረው ያው ኖራ በቅጠልም ላይ ይቀራል። የሚታየው ጠብታ በደረቀበት ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ጎላ ባለ ክብ ነው፤ አሮጌውንም አዲሱንም ቅጠል አይለይም፣ ቅጠሉንም አያጣምምም። በጥጥ የሎሚ ጭማቂ ነክቶ ማሸት ይበቃል፤ ኖራ ከሆነ ይሟሟል፣ ከዚያ ቅጠሉን በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው። ሻጋታውም በጣት ይጠረጋል፤ ነገር ግን በሳምንት ገደማ ተመልሶ ይመጣል። በቅጠሉና በግንዱ መጋጠሚያ ጥጥ የመሰለ ነገር ካለ ነፍሳት ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ስስ ድር ከታየ ደግሞ ቀይ ሸረሪት ሊሆን ይችላል።

ሻጋታ መሆኑ ከተረጋገጠ የተያዘውን ጫፍ ቆርጦ በላስቲክ አስሮ መጣል፣ ተክሉን ፀሐይና ነፋስ ወዳለበት ማውጣት፣ ናይትሮጅን የበዛበትን ማዳበሪያም መቀነስ ነው። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን በውኃ ማጠብ ሻጋታውን ይገታል፤ ጉዳቱ ኖራ መተዉ ነው፤ ስለዚህ ለዚህ የዝናብ ወይም የተጣራ ውኃ ይመረጣል። ለርጭት ፖታሲየም ባይካርቦኔት ጥሩ ነው። የወጥ ቤቱ ቤኪንግ ሶዳ ሶዲየም ስላለው በትንሽ መትከያ አፈር ውስጥ ይጠራቀማል፤ እኔ አልመክረውም። አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ በየሳምንቱ መርጨትም ይሠራል፤ ብራዚላዊው ዋግነር ቤቲዮል በ1999 በዙኪኒ ላይ ያወጣው ጥናት ይህን አሳይቷል። ድኝ የቆየ መድኃኒት ነው፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲበልጥ ወይም ዘይት ከተረጨ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከተረጨ ግን ቅጠሉን ያቃጥላል። በአበባ እርሻ ግሪንሃውሶች ሌሊት ድኝ እያተነኑ ሻጋታውን ይከላከላሉ፤ ጭሱ ሳንባን ስለሚጎዳ ይህ በመኖሪያ ቤት ፈጽሞ አይሞከርም።

ሻጋታውን የሚበላ ሌላ ፈንገስም አለ፤ አምፔሎማይሰስ ኩዊስኳሊስ ይባላል። ኤኪው 10 በሚል ስም ለገበያ የቀረበው ዝርያው የተገኘው እዚያው እስራኤል ውስጥ፣ በጫት ቅጠል ላይ ከበቀለ ዱቄት መሰል ሻጋታ ነው። ጥናቱን የመራው አብርሃም ሽቴይንበርግ ለያቭኔና ለጌደራ ጎረቤት በሆነችው በረሆቮት የግብርና ፋኩልቲ ተመራማሪ ነበር። ይህ ፈንገስ እርጥበት ይፈልጋል፣ ሥራውም ዝግ ያለ ነው፤ ስለዚህ በሽታው ሲጀምር እንጂ ከተስፋፋ በኋላ ብዙ አይጠበቅበትም።

የተጣመመ ቅጠል ከታከመም በኋላ አይቃናም። ሕክምናው መሥራቱ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ በሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው።