ደንቆሮውስ ማነው?

የአጎቴ ልጅ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ከዋሽንግተን መጣች። የመጣችው ለሠርግ ነው። ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ ዘመድ ጥየቃው ሲያልቅ በእጇ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ሆነ። «ጋሼ፣ ሕንፃ ጠግቤያለሁ፤ እባክህ አንድ ቀን ዛፍ አሳየኝ» አለችኝ። ያደግንበት የመካነ ሰላም አገር በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱበት አይደለም። ወደ ደሴ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደሴ ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል።

ስለዚህ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ደወልኩ።

«የቡድን ነው የግል?» አሉኝ።

«የግል ሲባል?»

«መኪናው የእናንተ፣ ሾፌሩ የእናንተ፣ አስጎብኚው የእናንተ፣ ሰዓቱም የእናንተ።»

«ዛፉስ?» ልል ብዬ ተውኩት። ዋጋውን ለአንባቢ አልናገርም። በእኔ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ እንኳን ዛፉን ችግኙንም አናየውም ነበር። ከፋይዋ እርሷ ናት።

ዝርዝሩን አነበቡልን። ደብረ ሊባኖስና የጀማ ገደል፣ የወንጪ ሐይቅ፣ ዝቋላ፣ የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ የመናገሻ ሱባ ደን። እርሷ ደኑን መረጠች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥተን በሰበታ በኩል ወደ ወጨጫ ተራራ ወጣን።

የሱባን ደን ያላየ ሰው አዲስ አበባ አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር አለ ቢሉት አያምንም። ጥዱ ቀና ብለው ሲያዩት ባርኔጣ ይጥላል። ከጥዱ ሥር ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታ አለ። ጉሬዛው ነጭ ካባውን እያርገበገበ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። የእኛ ዘመዳም ልጅ ያን ሁሉ ትንታግ አሜሪካዊነቷን ረስታ አፏን ከፍታ ቀረች።

አስጎብኚው ጎበዝ ልጅ ነው። «ይህ ደን እንዲሁ የበቀለ እንዳይመስላችሁ» አለን። ከእ.ኤ.አ. 1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ እንደሚነገር አወጋን። ወፍ ዋሻ በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር መካከል ያለው ደን ነው። በኋላም ዐፄ ምኒልክ ደኑ እንዲጠበቅ አዘዋል። እንዲህ እያለ ሲተርክልን የአጎቴ ልጅ ድንገት ዞር አለችና፣

«ጋሼ፣ የእኛንም ደንቆሮ ያስጠበቁት ዘርዓ ያዕቆብ አይደሉ? አባባ እንዲያ ሲሉ ትዝ ይለኛል» አለችኝ።

አስጎብኚው ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ማንን ነው ደንቆሮ ያልሽው?»

ሦስታችንም ሣቅን። ሾፌሩም ከኋላ ሣቀ። ሣቁ ሲበርድ ግን «እንዴት ነው? አይተኸዋል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከመካነ ሰላም አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለውን ጫካ፣ እዚያው ያደግሁት ሰው፣ ገብቼ አላየሁትም። በልጅነቴ ደንቆሮ ለእኔ ደመና የሚያድርበት ቦታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደመናው ሲነሣ እናያለን፤ «ዛሬ ደንቆሮ ለብሷል፣ ዝናብ አለ» ይባላል፤ በቃ። ሽማግሎቹ ስሙን ሲፈቱት፣ ጫካው ከመጠቅጠቁ የተነሣ አንዱ ሲጣራ ሌላው ስለማይሰማ ነው ይሉን ነበር። ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ሲጣራ ሳልሰማው ኖሬ፣ ስሙን ከአዲስ አበባ አርባ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በተከፈለበት ጉብኝት አስታወሱኝ።

እስኪ የማላውቀውን ያገሬን ጫካ ታሪክ ላውጋችሁ።

ደንቆሮ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ፣ ውኃው ወደ ዓባይ በሚወርድበት ተዳፋት የተቀመጠ ነው። ታችኛው ጫፉ 1900 ሜትር ገደማ፣ ላይኛው 3700 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በአንድ ቀን ከወይራ አገር ተነሥቶ፣ በጥድና በኮሶ አልፎ፣ አስታውን ተሻግሮ ከጅብራና ከጓሳ አገር ይገባል። ጭላዳ አለበት። ነብር አለበት። በሱባ ያየነው የምኒልክ ድኩላ እዚያም አለ። በዓለም ላይ የጎለመሱት ከአምስት መቶ የማይበልጡት፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙት ቀይ ቀበሮዎች ከቀሩባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በ2001 ዓ.ም. የአማራ ክልል ፓርክ አደረገው። መጀመሪያ ከ4 ሺህ ሄክታር ብዙም የማይበልጥ ነበር፤ ኋላ ግን ተስፋፍቶ 15 ሺህ ሄክታር ገደማ ደረሰ። ስሙም የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ።

ስሙ ረዘመ የሚል ይኖራል። እኔ ግን የታሪክ መጽሐፍ ነው የምለው። ሳይንት ከጥንቱ የቤተ አምሐራ አገር የመጣ ስም ነው፤ ከጥንታውያኑ አድባራት አንዷ የምትባለው ተድባበ ማርያም ያለችው በዚያ ነው። ቦረናና ወረሂመኖ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ወደዚህ ደጋ የገቡት የኦሮሞ ጎሣዎች ስሞች ናቸው። ወረሂመኖ የወሎን ኢማሞች ያወጣ ቤት ነው። ከዚያው ቤት የተወለዱት መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1878 ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆነዋል፤ የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። ዘርዓ ያዕቆብም ቢሆኑ ለወሎ እንግዳ አይደሉም። ከመንገሣቸው በፊት ታስረው የኖሩት በአምባሰል፣ በግሸን አምባ ላይ ነው። እንግዲህ አንዱ ጫካ ስንቱን አሳለፈ? አማራውና ኦሮሞው፣ ክርስቲያኑና እስላሙ፣ ንጉሡና ኢማሙ መጡ ሄዱ። ጫካው ግን የሁሉንም ስም ተሸክሞ ቆሟል።

ለመሆኑ እንዴት ቆመ? እዚህ ላይ ነው የሁለቱ ደኖች ታሪክ የሚለያየው።

ሱባ የተረፈው ከከተማ አጠገብ ሆኖ ነው። ይህ ተአምር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረውን ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በላችው። ማገዶው፣ የቤቱ ማገር፣ የአጥሩ እንጨት ሁሉ ከየተራራው ነው የሚመጣው። እንጨቱ ሲርቅ ከተማዋም ልትሄድ ተሰናዳች፤ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ያኔ ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ በቅሎ ደረሰና ከተማዋ ባለችበት ቀረች። መናገሻም ከመጋዝ ጨርሶ አላመለጠም። ግን የንጉሥ ቃል አለበትና አላለቀም።

ደንቆሮን ግን ያቆየው የንጉሥ ቃል ብቻ አይመስለኝም። ርቀትም ጠብቆታል። ቁልቁለቱና ገደሉ ጠብቆታል። መንገድ አለመኖሩ ጠብቆታል። የወሎ ደጋ በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሲመታ መላው ዓለም የተራቆተውን ኮረብታ አየ። በዚያው ወሎ ውስጥ ግን ደመና የሚያድርበት ጫካ እንደነበረ ያየ ካሜራ የለም። እኛም አላሳየንም።

አሁን ያ ርቀት እያለቀ ነው። መንገዱ እየተሻሻለ፣ ከተማው እየሰፋ፣ ሞተር ሳይክሉ እየበዛ ሄዷል። መንገድ መጣ ብሎ የሚያለቅስ ሰው የለም፤ እኔም አላለቅስም። በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰ ሰው መንገድን አይጠላም። ጥያቄው ሌላ ነው። እስከዛሬ ርቀት ሲሠራው የነበረውን የዘበኝነት ሥራ ነገ ማን ይረከባል?

«ጥበቃው» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። ጥበቃ ያስፈልጋል። ግን ባለጠመንጃ ብቻውን ደን እንደማያቆይ ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1872 የሎውስቶን የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን አሜሪካኖች ምድሩን ከነጎሹ ጠብቀው፣ በዚያ ይመላለሱ የነበሩትን ነባር ሕዝቦች ግን አስወጡ። ያ ዘዴ ወደ ብዙ አገር ተቀዳ። ወደ እኛም መጣ። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ፓርኩም በዓመቱ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ዋልያው እፎይ አለ። የቀዬውን አፈር ትቶ የወረደው ሰው ግን እፎይ ማለቱን ማን ጠየቀው?

ሌላ መንገድ ደግሞ አለ፤ እርሱም ከውጭ የተቀዳ አይደለም። ከደንቆሮ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በመንዝ፣ ጓሳ የሚባል 100 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ የሚሆን ደጋ አለ። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። የአስቦና የጌራ ትውልድ በየወገኑ ተካፍሎ አለቃ ይመርጣል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል። አለቆቹ «ተከፍቷል» ሲሉ ሁሉም ገብቶ ያጭዳል፤ ቤቱን ይከድናል፣ ከብቱን ያበላል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስቱ ሥርዓት ፈረሰና ቄሮውም አብሮ ፈረሰ። ጓሳ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ክፍት ሲሆን ተጎዳ። ያዳነው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ተሰብስቦ አዲስ የጋራ ጥበቃ አቋቋመ። ዛሬም ቀይ ቀበሮው እዚያ አለ። ጓሳውም እየታጨደ ነው። ምሥጢሩ አንድ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ከሚጠብቀው ነገር ይካፈላል።

ከሱባ ስንመለስ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች በመንገዱ ዳር ሲወርዱ አገኘን። የአጎቴ ልጅ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ ስልኳን አነሣች። ከፊት ያለችው እናት ከጎበጠችበት ቀና ሳትል፣ «ልጄ፣ ፎቶውን ተይው፤ ሸክሙን አግዥኝ» አለቻት።

መኪናው ውስጥ ዝም ዝም ሆነ።

ብዙ ከሄድን በኋላ የአጎቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዛሬ የከፈልኩት ገንዘብ ለእነዚያ ሴቶች ምን ያህሉ ይደርሳቸዋል?» አለችኝ። አስጎብኚው በመስኮት ወደ ውጭ አየ። እኔም በሌላኛው መስኮት አየሁ። የግል ጉብኝት የሚሉት እዚህ ላይ ነው ሚዛኑ። መኪናው የግል ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱም የግል ሊሆን ይችላል። ዛፉ ግን የግል አይደለም። ያን ዛፍ ለስድስት መቶ ዓመት ያላቃጠሉት ሰዎች፣ ቡና ሲያፈሉ ጭሱን ችለው፣ ቅጠል ለቅመው፣ ኩበት አንድደው ነው ለእኛ ያስቀመጡልን። ደንቆሮን የሚጎራበተው ገብስ አራሽም እንደዚሁ ነው። ከብቱ ከጫካው ሣር ሲታገድ፣ ማገዶው ሲከለከል፣ ጭላዳው ማሳው ላይ ሲወርድበት ችሎ ነው። እርሱን ከተጠቃሚዎች መዝገብ አውጥተን «ጥቅሙ ለአገር ነው» ብንለው፣ «እኔስ አገር አይደለሁም?» ቢለን ምን እንመልሳለን?

የቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ»ን ለዓለም ሲያስተዋውቁ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር በአንድ መስመር ገቡ። ምዕራብ ወሎ ከመስመሩ ውጭ ቀረ። ዛሬ ጎብኚ ይምጣ ብንል ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት እንኳን ለፈረንጅ፣ ለአገሬውም መንገዱን አክብዶታል። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ቦታ ማለት ነው። ስሙ ወደ ግብሩ የሚመለስበትን ቀን እንጸልያለን።

እስከዚያው ግን የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ፈረንጆች መሆን የለባቸውም። በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። በየትምህርት ቤቱ ልጆች አሉ። ለእነርሱ ደንቆሮ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ላንድክሩዘር አይጠይቅም። መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ዳቦ ቆሎ ቋጥሮ፣ የአካባቢውን ገበሬ መሪ አድርጎ፣ ለመሪው የሚገባውን ከፍሎ መውጣት ነው። ያን ጫካ በልጅነቱ ገብቶ ያየ ሰው ትልቅ ሆኖ የመንገድ መሐንዲስ ቢሆን መንገዱን ያጠማዝዝለታል። ዳኛ ቢሆን ይፈርድለታል። ነጋዴ ቢሆን እንጨቱን አይገዛም። እንደ እኔ ጸሐፊ ቢሆን ደግሞ በአምሳ ዓመቱ በሰው ጫካ ውስጥ ቆሞ አያፍርም።

አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛት የአጎቴ ልጅ አቅፋኝ፣ «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ስመጣ ቤት ታደርሰኛለህ። ግን እስከዚያ አንተ ራስህ እየው» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሽማግሎቹ የፈቱልን ስም ትዝ አለኝ። አንዱ ሲጣራ ሌላው የማይሰማበት ነበር ያሉት። ጫካው ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ደመናውን ለብሶ፣ ውኃውን እያፈሰሰ ሲጣራ ኖሯል።

ታዲያ ደንቆሮውስ ማነው?