ኅዳር ሲታጠን

ልጅ ሳለሁ፣ ኅዳር 12 ቀን ማለዳ በቆቦ ሜዳ የማሽላ አገዳ ጢስ ይነሣ ነበር። አያቴን «ማንን ነው የምናጥነው?» አልኋት። «የኅዳር በሽታን» አለችኝ፣ ዶሮዎቿን ከጢሱ እያራቀች።

ያ በሽታ ዓለምን አዳርሶ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ታመው ተረፉ፤ ስንቱ ግን ቀባሪ አጣ።

በ1998 ዓ.ም. ሊቃውንት በአላስካ በረዷማ ምድር ከተቀበረች ሴት ሳንባ ጭምር የቫይረሱን ስምንት የዘር ቁራጮች አንብበው ጨረሱ፤ የአዕዋፍን ቫይረስ ይመስሉ ነበር። የኢንፍሉዌንዛ ጥንተ ቤቱ የውኃ ወፎች ናቸው፤ ሁለት ዓይነቱ በአንድ አሳማ አካል ቢገናኝ ቁራጭ ተለዋውጦ አዲስ ሆኖ ይወጣል።

ጢስ በትንፋሽ የሚሻገረውን አይገድልም። እኔ ግን ዛሬም አጥናለሁ፤ ስማቸው ላልተጻፈ ሙታን ሌላ ሐውልት አላውቅምና።