የጋፋት መድፍና የጉግል መንገድ

አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ መቅደላ የደረሰው በ1860 ዓ.ም. ነው። ከመሥራቱ ይልቅ ማጓጓዙ ከብዶ ነበር፤ ተራራ እየተቆረሰ፣ ገደል እየተደለደለ በሰው ጉልበት ተጎተተ።

ዛሬ ይህን ታሪክ ለአንባቢ የሚያደርሰው መንገድ የኢንተርኔት ፍለጋ ነው። ይህም መንገድ ደጋግሞ ተቀይሯል። መጀመሪያ ላይ ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች በየራሳቸው ፎንት ይጽፉ ስለነበር ጽሑፋቸው ለፍለጋ ሞተር ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ጽሑፉን ወደዚያ ያላዛወረ ገጽ ግን በአማርኛ ቢፈለግ አልገኝ አለ። ከዚያ ጉግል በ2011 ፓንዳ፣ በ2012 ፔንግዊን የተባሉ ለውጦችን አመጣ። ከሌላ የተገለበጠ ጽሑፍ፣ ያለቅጥ የተደጋገመ ቁልፍ ቃልና የተገዛ ሊንክ ከፊት ወደ ኋላ ተጣሉ።

በየለውጡ ብልሃት የሚያሳድድ ገጽ ወደቀ። የራሱ ዕውቀት ያለው፣ በዩኒኮድ የተጻፈ ገጽ ግን የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። የደቡብ ጎንደር ታሪክ በፖስተር ምስልና በደበዘዘ ስካን ተቆልፎ ከቀረ፣ የደብረ ታቦር ልጅ ስለ ጋፋት ሲፈልግ የሚያነበው ባዕድ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ነው። ሰነድ ያለው ሰው ስለ አልጎሪዝም ከመጨነቁ በፊት ሰነዱን በፊደል ይተይበው።