ሁለት ጆሮ ያለው ካሜራ

የአገራችን የድምፅ ቀረጻ ታሪክ በአንድ ሰው አፍ ይጀምራል። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የላኩት መልእክት አንድ ሰው ወደ መሣሪያው ጡሩምባ ተጠግቶ የተናገረው ነበር። ከዐሥር ዓመት ግድም በኋላ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ዘፈንም የአንድ ድምፃዊና የማሲንቆ ነው። የጊዜው መሣሪያ ከዚያ በላይ አቅም አልነበረውም፤ ከጡሩምባው የራቀ ድምፅ አይያዝም። የሚያሳዝነው መሣሪያው ከተሻሻለም በኋላ ልማዱ መቆየቱ ነው። ማይክ ወደ አንድ ሰው ይነጣጠራል፣ የቀረው ሁሉ «ጫጫታ» ይባላል።

ይህ ልማድ ምን እንዳሳጣን ለማየት ከማጂ ወረዳዋ ከቱም አካባቢ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ዲዚ፣ ሱሪና ሜኤን ይጎራበቱበታል። ከኦሞ ወንዝ ማዶ ስለሚኖሩት የሱሪ ዘመዶች ስለ ሙርሲዎች፣ ፊልም ሠሪው ሌስሊ ዉድሄድ ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያው ዴቪድ ተርተን ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ለእንግሊዙ ግራናዳ ቴሌቪዥን ፊልም ሠርቷል። የፊልሙ እምብርት የሙርሲዎች ሸንጎ ነው። አንዱ ተነሥቶ ወዲያና ወዲህ እየተራመደ ይናገራል፣ ሌላው ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። እንዲህ ላለው ንግግር በተናጋሪው ላይ የሚያነጣጥር ማይክ ይበቃል። የሱሪ የዱላ ግጥሚያ፣ ዶንጋ፣ ግን ሌላ ነው። የየመንደሩ ወጣት እየዘፈነ ከየአቅጣጫው ይገባል፤ ዱላ መሐል ላይ ሲጋጭ ጩኸቱ ከዚህም ከዚያም ይነሣል። ይህን ሁሉ በአንድ ቻናል ሲቀርጹት ድምፁ አንድ ነጥብ ላይ ይከመራል፤ ከየት ወገን ማን እንደጮኸ፣ ማን ለማን እንደመለሰ አይለይም። የጠፋው የድምፅ ጥራት ሳይሆን የጨዋታው ሥርዓት ነው።

ለዚህ መፍትሔው ስቴሪዮ ነው፤ ድምፅን በግራና በቀኝ በሁለት ቻናል መያዝ። የመጣውም ከምስል ጋር ተያይዞ ነው። የኢኤምአይ መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት ማመልከቻውን ሲያስገባ ያስጨነቀው ጉዳይ ሲኒማ ነበር፤ ተዋናዩ በሸራው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድምፁ ካለበት አይነቃነቅም። ዛሬ ካሜራ አናት ላይ የሚሰካው ስቴሪዮ ማይክ ያንኑ ሐሳብ ይሠራበታል። ስፖንጁ ሲወልቅ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ተጠጋግተው፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ አብዛኛውን ጊዜ በ90 ዲግሪ ተሻግረው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የመጣው ሚኒ ዲቪ ካሜራ ሁለት ቻናል በ16 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ መያዝ ሲችል፣ ቀድሞ የድምፅ ባለሙያ ለብቻው ይጠይቅ የነበረው ሥራ ለአንድ ቀራጭ ተቻለ። ለእኔ በገጠር ቀረጻ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ ጥቂት ነው።

ባለሙያዎች ይህን ማይክ ይንቁታል፤ ምክንያትም አላቸው። ከተናጋሪው ይርቃል፣ የካሜራውን ሞተርና የእጅ ንክኪ ይሰማል፣ ንፋስ ያበላሸዋል። ለቃለ መጠይቅ ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ ደረት ላይ የሚሰካው ማይክ ይበልጣል። ነገር ግን ሜዳ ሙሉ ሰው ደረት ላይ ማይክ አይሰካም፤ ንፋሱንም ጠጉራም ሽፋን ያበርደዋል። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ካሜራው በዞረ ቁጥር ግራና ቀኙ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ጨዋታው እስኪያልቅ ካሜራው በትሪፖድ ቆሞ አይነቃነቅ፤ የቅርብ ምስል የፈለገ ሌላ ካሜራ ይያዝ። «ሰዉ የሚያየው ባለ አንድ ስፒከር ስልክ ላይ ነው፣ ስቴሪዮ ምን ያደርግለታል?» ለሚለው ደግሞ መልሱ ቀላል ነው። ሁለቱ ጆሮዎች አንድ ቦታ ላይ ስላሉ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይደርሳቸዋል፣ ወደ አንድ ሲደመሩም አይጣሉም። ከስቴሪዮ ሞኖ (አንድ ቻናል) ማውጣት ይቻላል፤ ከሞኖ ግን ግራና ቀኝን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

በቱም፣ በማጂ፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ በዓል የምትቀርጹ ወጣቶችና የባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ ድምፁን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የካሜራውን ማስተካከያ አጥፉት። ቀረጻው ሲጀመር ቀኑን፣ ቦታውን፣ በግራ ማን በቀኝ ማን እንደቆመ ተናገሩ። ስታቀናብሩም ሁለቱን ቻናል ወደ አንድ አትጨፍልቁ፤ ዋናውን ፋይል እንዳለ አስቀምጡት።