ሥራውን የሚሠራው ክላስተሩ ነው ወይስ ከእሱ የወጣው ኮባልት? የሜታል ኦክሳይድ ክላስተሮች ውሃን በመለየት ምርምር

የአፈር ፎስፈረስ በሚለካበት ላቦራቶሪ የሠራ ሁሉ ሰማያዊውን ቀለም ያውቀዋል። ከአፈሩ ተጣርቶ በወጣው ፈሳሽ ላይ አሞኒየም ሞሊብዴት፣ ሰልፈሪክ አሲድና አስኮርቢክ አሲድ ይጨመራል፤ ፈሳሹ በደቂቃዎች ውስጥ ሰማያዊ መልክ ይይዛል፤ የቀለሙ ድምቀትም በስፔክትሮፎቶሜትር፣ ብዙውን ጊዜ በ882 ናኖሜትር ላይ፣ ይነበባል። የማዳበሪያ ምክረ ሐሳብ የሚነሣው ከዚያ ንባብ ነው። ለቀለሙ መነሻ የሆነው ሞለኪዩል መሀሉ ላይ አንድ የፎስፈረስ አቶም ተቀምጦ፣ 12 የሞሊብዲነምና 40 የኦክስጅን አቶሞች ዙሪያውን የሠሩት ክላስተር ነው። ሲፈጠር ቢጫ ነው፤ ከአስኮርቢክ አሲዱ ኤሌክትሮን ሲቀበል ሰማያዊ ይሆናል። እነዚህን ሞለኪዩሎች ከአፈር ምርመራ አልፎ ወደ ንጹሕ ኃይል ምርምር ያስገባቸውም ይኸው ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሳይፈርስ የመቆየት ጠባያቸው ነው።

ፖሊኦክሶሜታሌት የሚባሉት እነዚህ ክላስተሮች አዲስ ግኝት አይደሉም። ስዊድናዊው ቤርዜሊየስ ቢጫውን ዝቃጭ የገለጸው በ1826 ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አወቃቀራቸው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በ1933 ኬጊን ማንቸስተር ውስጥ የተንግስተኑን ክላስተር በኤክስሬይ መርምሮ የአቶሞቹን አቀማመጥ አሳየ። የጃፓን ኢንዱስትሪ ደግሞ ከ1972 ጀምሮ ከፕሮፒሊን አልኮል ለማምረት ሲጠቀምባቸው ኖሯል። እዚህ የምመለከተው ጥያቄ ከእነዚህ ይልቅ የከበደ ነው፤ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመለየት የሚያስችል፣ ርካሽና የማይፈርስ ካታሊስት ከእነሱ ይገኛል ወይ?

ውሃን በኤሌክትሪክ ስንለይ የሚያስቸግረው የሃይድሮጅኑ ወገን ሳይሆን የኦክስጅኑ ነው። አንድ የኦክስጅን ሞለኪዩል እንዲወጣ ከሁለት የውሃ ሞለኪዩሎች አራት ኤሌክትሮንና አራት ፕሮቶን መወሰድ አለበት። በስሌት 1.23 ቮልት ይበቃል፤ በተግባር ግን ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ ትርፉም በሙቀት መልክ ይባክናል። አሲዳማ በሆኑ ማሽኖች ውስጥ ይህን ሥራ በአግባቡ የሚሠራው የኢሪዲየም ኦክሳይድ ነው፤ የዓለም ዓመታዊ የኢሪዲየም ምርት ግን 10 ቶን እንኳ አይሞላም። በካርቦን ላይ የተመሠረቱ ሞለኪዩሎች ብዙ ተሞክረዋል፤ ከውሃ ኤሌክትሮን የሚነጥቀው ኃይል እነሱንም ይነጥቃቸዋልና ዕድሜያቸው አጭር ነው።

በአትላንታው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የክሬግ ሂል ምርምር የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። ተንግስተንና ኦክስጅን ብቻ በሆነ አካል ውስጥ የሚቃጠል ካርቦን የለም፤ ተንግስተኑም ኤሌክትሮኑን አስቀድሞ ሰጥቶ የጨረሰ በመሆኑ ከዚያ በላይ ኦክሲዳይዝ አይደረግም። ስለዚህ ከክላስተሩ ላይ ጥቂት የተንግስተን አቶሞችን አንሥቶ ክፍተት መፍጠርና በክፍተቱ ሥራ የሚሠራ ሜታል ማስገባት ይቻላል። በ2008 የሂል ቡድንና የጣሊያኑ የፓዶቫ ቡድን፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው፣ አራት የሩቴኒየም አቶሞችን በሁለት ክላስተሮች መካከል አስቀምጠው ኦክስጅን ማውጣት ቻሉ። ሩቴኒየም ግን ውድ ነው። በ2010 ሂልና ባልደረቦቹ በሳይንስ መጽሔት ያቀረቡት ሞለኪዩል በሩቴኒየሙ ፈንታ አራት ኮባልት የያዘ ነበር። ሞለኪዩሉ ራሱ ከ1973 ጀምሮ በጽሑፍ የሚታወቅ ሲሆን፣ አዲሱ ነገር ፒኤች 8 በሆነ ውሃ ውስጥ አንዱ ሞለኪዩል በሰከንድ ከአምስት ያላነሰ የኦክስጅን ሞለኪዩል ማውጣቱ ነው።

በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሪቻርድ ፊንክና ተማሪያቸው ግን በ2011 ከባድ ጥያቄ አነሡ። ከሦስት ዓመት በፊት ካናንና ኖሴራ የተባሉ ኬሚስቶች፣ ፎስፌት ባለበት ውሃ ውስጥ የሟሟ ተራ ኮባልት ኤሌክትሮድ ላይ በስሱ እየተለጠፈ በራሱ ጥሩ ካታሊስት እንደሚሆን አሳይተው ነበር። እንግዲያው ከክላስተሩ ጥቂት ኮባልት ቢያመልጥስ? ፊንክ 500 ማይክሮሞላር ክላስተር በፎስፌት ብጥብጥ ውስጥ አቆይተው ለኩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ 58 ማይክሮሞላር ኮባልት ወጥቶ ነጻ ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱ ክላስተር አራት ኮባልት ስላለው፣ ይህ ከጠቅላላው ኮባልት 3 በመቶ የማይሞላ ነው። ነገር ግን ያንኑ መጠን ተራ የኮባልት ጨው ብቻውን ሲፈትኑት፣ ኤሌክትሮዱ ላይ የታየውን ጅረት በሙሉ ለማስረዳት በቃ። 97 በመቶው ኮባልት በቦታው እያለ ሥራውን የሠራው ያፈተለከው ነበር ማለት ነው።

ይህን ውጤት ያነበበ ሰው የ2010ሩ ጽሑፍ ፈርሷል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ እኔ ግን አልስማማም። ፊንክ ራሳቸው መደምደሚያቸውን በፈተኑበት ሁኔታ ወስነውታል። እነሱ የሠሩት በኤሌክትሮድ፣ በብዙ ክላስተርና በሰዓታት ውስጥ ነው፤ የሂል ቡድን ግን እጅግ በቀጠነ ብጥብጥ፣ በኬሚካዊ ኦክሲዳይዘርና በአጭር ጊዜ ውስጥ ነበር። በ2013 የሂል ቡድን የሰጠው መልስ በዚህ ዘርፍ ካየኋቸው ሙከራዎች ሁሉ የምወደው ነው። ቴትራሄፕቲልአሞኒየም የተባለውን ረጅም ጅራት ያለው አዮን በቶሉዊን ውስጥ አሟምተው ከውሃው ጋር ናጡት። ክላስተሩ ብዙ አሉታዊ ቻርጅ ስላለው ከዚህ አዮን ጋር ተጣምሮ ወደ ቶሉዊኑ ይሻገራል፤ ነጻው ኮባልት አዎንታዊ በመሆኑ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ውሃውን ብቻ ፈተኑት። ክላስተሩ ሲወጣ ኦክስጅን የማውጣት አቅሙም አብሮ ሄደ፤ የቀረው ኮባልት የታየውን ኦክስጅን ለማስረዳት የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። በእነዚያ ሁኔታዎች ካታሊስቱ ክላስተሩ ራሱ ነበር።

ሁለቱም ልክ ናቸው ማለት ማስታረቂያ ቃል አይደለም። አንዱ ሞለኪዩል በአንድ ብጥብጥ ካታሊስት፣ በሌላው የካታሊስት መነሻ ቁስ ብቻ ሊሆን መቻሉ የተረጋገጠ ኬሚስትሪ ነው፤ የሚወስኑትም ፒኤች፣ የፎስፌቱ መኖር፣ መጠኑ፣ ጊዜውና የኤሌክትሮዱ ቮልት ናቸው። ከዚህ በኋላ አንድ ጽሑፍ ስለ ካታሊስቱ ፍጥነት ነግሮን ስለ ጽናቱ ዝም ካለ፣ ግማሽ ውጤት እንደ ሰጠን መቁጠር ይገባናል።

ክርክሩ መንገድም አሳይቷል። በ2018 የታራጎናው የጋላን ማስካሮስ ቡድን የኮባልት ክላስተርን የማይሟሟ የባሪየም ጨው አድርጎ ከካርቦን ማጣበቂያ ጋር አዋሕዶ በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ፈተነው፤ በአነስተኛ ጅረት ከኢሪዲየም ኦክሳይድ ተሻለ። የአሲዱ ምርጫ በራሱ መልስ ነው፤ ተራው የኮባልት ኦክሳይድ አሲድ ውስጥ ስለሚሟሟ፣ ተለጥፎ ይሠራል የሚለው ጥርጣሬ እዚያ ይዳከማል።

ተፈጥሮም ይህን ችግር ታውቀዋለች። በቅጠል ውስጥ ኦክስጅን የሚያወጣው አካል እሱም የሜታል ኦክሳይድ ክላስተር ነው፤ አራት ማንጋኒዝ፣ አንድ ካልሲየምና አምስት ኦክስጅን አለው፤ በ2011 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1.9 አንግስትሮም ጥራት አይተውታል። ይህን ክላስተር የያዘው ፕሮቲን ግን በጠንካራ ብርሃን በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይበላሻል፤ ተክሉም ሳያሰልስ በአዲስ ይተካዋል። ሂል ከተመራማሪው ዊንስቶክ ጋር በ2001 ኔቸር መጽሔት ላይ ያሳተመው ሥራ የሚያስገርመኝ በዚህ ምክንያት ነው። ለወረቀት ከሚሆን እንጨት ሊግኒን የተባለውን ቁስ በኦክስጅን ለማስወገድ የተጠቀሙባቸው የአሉሚኒየም፣ የቫናዲየምና የተንግስተን ክላስተሮች ሲናጉ ራሳቸውን መልሰው ይገነቡ፣ የውሃውንም ፒኤች ይጠብቁ ነበር። በእኔ ግምት ለረጅም ዕድሜ ተስፋ የሚሰጠው የማይፈርስ ሞለኪዩል ፍለጋ ሳይሆን ፈርሶ መልሶ የሚሠራ ሥርዓት ነው።

የግላስጎው ሊ ክሮኒን ደግሞ ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ወሰደው። በእሱ ሥራ ክላስተሩ ኦክስጅን አያወጣም፤ ከውሃው የተወሰደውን ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ይዞ ያቆያል። በ2014 ቡድኑ ሲሊኮተንግስቲክ አሲድን በዚህ መንገድ ሞላው፤ ኦክስጅኑ በአንድ ዕቃ ወጣ፣ ሰማያዊ የሆነው ብጥብጥ ወደ ሌላ ዕቃ ተወስዶ ፕላቲነም ሲነካው ያለ ኤሌክትሪክ ሃይድሮጅን ሰጠ። ለተመሳሳይ የፕላቲነም መጠን ፍጥነቱ ከተለመደው ማሽን 30 እጥፍ ነው ተብሏል። ሁለቱ ጋዞች አብረው ስለማይወጡ የመደባለቅና የመፈንዳት አደጋ ይቀንሳል፤ ፀሐይ ሲደምቅና ሲደበዝዝ ለሚዋዥቅ ኃይልም ይስማማል። የኮባልቱ ክላስተር ገና ጽናቱን እያስመሰከረ ሳለ፣ ይህኛው አገልግሎት ለሥራ ይበልጥ የቀረበ ይመስለኛል።

የአገራችን የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎችም የሜታል ኦክሳይድ ካታሊስቶችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ይሠራሉና፣ ለአማካሪዎችና ለፈታኞች አንድ ልመና አለኝ። የፊንክ 58 ማይክሮሞላር ኮባልት በሊትር ወደ 3.4 ሚሊግራም ይሆናል። በቡናና በመጠጥ ውሃ ናሙና ውስጥ ሜታል የምንለካበት የአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ ይህን ያህል ኮባልት ያለ ችግር ያነባል። ካታሊስት ሠራሁ የሚል ተማሪ ከሙከራው በፊትም ሆነ በኋላ ውሃው ውስጥ የወጣውን ሜታል ለክቶ፣ ያንኑ መጠን ተራ ጨው ብቻውን ፈትኖ ሳያቀርብ ጽሑፉን አትቀበሉት።